ውሻው ትናንት ምን በላ?

የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ ነው። ላፍቶ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን፣ ዘበኛችን አካፋ ይዘው ከአጥሩ ሥር እንደቆሙ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ነይ እስቲ እዪው» አሉኝ። የውሻችን የቡቺ ሰገራ ነው። ቅርጽ የለውም፤ ከአካፋው ላይ እንደ ቀጠነ ገንፎ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ቀለሙ ወደ በርበሬ ያደላል፣ ላዩ በቅባት ያብለጨልጫል፣ መሐሉ ላይ የዶሮ አጥንት ስንጣሪ ተሰክቷል። ቡቺ ጅራቱን እየቆላ አጠገባችን ቆሟል፤ ሆዱ ሲጮኽ ግን እስከ በሩ ይሰማል። «ፋሲካው አልተስማማውም» አሉ ሽማግሌው፣ አፈር እየመለሱበት።

ከዚያ በፊት 55 ቀን ሙሉ የበላው በሽሮ ቅሪት የራሰ ድርቆሽ ነበር። በአንድ ሌሊት የዶሮ ወጥ ትራፊ፣ የበግ ጮማና ጥሬ ሳንባ ወረደበት። ሐኪም ዘንድ ስወስደው መጀመሪያ ስለ ክትባትና ስለ ትል እጠየቃለሁ ብዬ ነበር። ሐኪሙ ግን «ትናንት ምን በላ? ባለፈው ሳምንትስ?» አለኝ። ለሁለተኛው መልስ ነበረኝ። ለመጀመሪያው አልነበረኝም፤ ቤት የገባው እንግዳ ሁሉ ሲወረውርለት ነው የዋለው።

ይህ ዳሰሳ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትም፣ ከሐኪሞችና ከጎረቤቶች የሰማሁትም ወደ አንድ ነገር አድርሶኛል። በከተማችን የውሻ ሰገራ የሚላላው ብዙውን ጊዜ በሳህኑ ምክንያት ነው፤ ሳህኑን የሚለዋውጠው ደግሞ የቤቱ ጾምና ፍስክ ነው። ስለዚህ ኪኒን ከመፈለጋችን በፊት ሳህኑን ማስተካከል ይገባናል፤ እሱንም ቀስ ብሎ።

የሰፈሩ ሳህን

የውሻን አመጋገብ ማየት ለሚፈልግ ሰው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ብዙ ያሳያል። ሳር ቤትና ብሥራተ ገብርኤል አካባቢ ባሉ ባለ ግቢ ቤቶች የጀርመን ሼፐርድና ዲቃላዎቹ ከሱፐርማርኬት የተገዛ ደረቅ ምግብ ይቀርብላቸዋል። መካኒሳና ጎፋ ስንደርስ ሳህኑ ቅንጬ፣ ሩዝ፣ ከልኳንዳ የመጣ አጥንትና ቁርጥራጭ ይሆናል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ያለው የብሎክ ውሻ ደግሞ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ከአንዱ ፎቅ እንጀራ፣ ከሌላው ፓስታ፣ ከላይኛው የሕፃን ወተት ቅሪት ይደርሰዋል። ሰገራው ሲላላ ማን ምን እንደሰጠው የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ቄራም ሩቅ አይደለም፤ ሳንባና ጨጓራ ለሚፈልግ ሰው ይገኛል።

ሁዳዴ ሲገባ ይህ ሁሉ ይለወጣል። ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ አጥንት ይጠፋል፣ ከቤት የሚተርፈው ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ድንች ይሆናል። ውሻው ሳይጠየቅ ይጾማል። ከዚያ ፋሲካ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ጮማ ይቀርብለታል። በፍልሰታና በገና ጾምም ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀኑ ያጥራል እንጂ። በአረፋም የእርዱ ትራፊ በአንድ ቀን ሰፈሩን ያጥለቀልቀዋል። አንድ እንስሳ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ከደረቅ ወደ ቅባት፣ ከቅባት ወደ ደረቅ ሲወረወር አንጀቱ እንዴት ይጽና?

ሰገራው ምን ይላል

ወደ አንጀቱ ከመግባታችን በፊት ሰገራውን እንመልከት። ሐኪሞች የውሻን ሰገራ ከ1 እስከ 7 ባለ መለኪያ ያዩታል። ታዋቂው የውሻ ምግብ አምራች ፑሪና ያሰራጨው መለኪያ በብዙ አገር ይሠራበታል። 1 እንደ ጠጠር የደረቀ ነው፣ 7 ውሃ ነው። ጤናማው 2 ነው፦ ጠንከር ያለ ግን ያልደረቀ፣ ሲያነሱት ቅርጹን የሚጠብቅ፣ መሬቱን እምብዛም የማያቆሽሽ። 4 ላይ እርጥበቱ ይበዛል፣ ሲያነሱት መሬቱን ይለቀልቃል። 5 ክምር ነው፣ 6 ቅርጽ የሌለው ነው። ቡቺ በዚያ ጠዋት 6 ላይ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ በአብዛኛው ከ4 እስከ 6 ያለው ነው። 7 ላይ የደረሰና ያልቆመ ተቅማጥ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ከቅርጹ ባሻገር ሁለት ነገር ማየት ይጠቅማል። ውሻው በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ወጥቶ ብዙ ሰገራ ከጣለ፣ ክብደቱም ከቀነሰ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ በቀጭኑ አንጀት ነው፤ ምግቡ በደንብ አልተፈጨም፣ አልተመጠጠም። በተቃራኒው ቶሎ ቶሎ እየወጣ ጥቂት ጥቂት የሚጥል፣ የሚያምጥ፣ ንፍጥ መሰል ነገር ወይም ትኩስ የደም ጠብታ የሚታይበት ከሆነ የተቆጣው ትልቁ አንጀት ነው። ልዩነቱን ማወቅ ለሐኪሙም፣ ለሳህኑም ይጠቅማል። ለትልቁ አንጀት አሰር ይረዳል፤ ለቀጭኑ ቅባቱን መቀነስና በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ መስጠት ይቀድማል። ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ሰገራ ግን ከላይ ከሆድ ወይም ከቀጭኑ አንጀት የሚደማ ነገር መኖሩን ያሳያልና ምግብ በመለዋወጥ አይሞከርም።

ሆድ ለምን ይላላል

ምግብ ሲለወጥ ሰገራ የሚላላበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ውሻው አዘውትሮ ከሚበላው ነው። ቆሽትም የሚያመነጨውን የመፍጫ ፈሳሽ ዓይነትና መጠን ለለመደው ምግብ ያስተካክላል። ምግቡ በድንገት ሲለወጥ ያልተፈጨው ክፍል ወደ ታችኛው አንጀት ይወርዳል፣ እዚያ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎቹ ያብላሉታል፣ ጋዝ ይነፋዋል። ቡቺ ሆድ ውስጥ ይጮኽ የነበረው ይህ ነው። ቅባት ሲበዛ ነገሩ ይከፋል። ያልተመጠጠ ቅባት አንጀቱን ያስቆጣዋል፤ አንዳንዴም ቆሽት ራሱ ይቆጣል። ያን ጊዜ ውሻው ሆዱን ታቅፎ ይጎብጣል፣ ያስመልሳል፣ ምግብ እምቢ ይላል። ከበዓል በኋላ በየትም አገር ወደ እንስሳት ሐኪም የሚሮጡ ሰዎች አንዱ ሰበብ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ስለ እንጀራ መናገር አለብኝ። «ውሻ ሥጋ በል ነው፣ እንጀራ አይስማማውም» የሚል ብዙ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 በኔቸር መጽሔት የወጣው በስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት የውሻና የተኩላ ዘረመል ሲያነጻጽር ሌላ ነገር አገኘ። ስታርች የሚፈጨውን ፈሳሽ የሚያዝዘው ጅን በተኩላ 2 ብቻ ሲሆን በውሻ ከ4 እስከ 30 ይደርሳል። ውሻ ከሰው ጋር ሲኖር የእህል ምግብ ለምዷል። የሐበሻ ውሻ በእንጀራ ለዘመናት መኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በደንብ የተጋገረ እንጀራ ጠላቱ አይደለም። ችግሩ እንጀራው ላይ የፈሰሰው ወጥ ነው። ያልተጋገረ ሊጥና የጠላ አተላ ግን ፈጽሞ አይሰጡትም፤ ሊጡ ሆዱ ውስጥ እያቦካ ይነፋዋል፣ ሁለቱም አልኮል አላቸው።

ወጣችን ደግሞ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ማብሰልም ማድረቅም ይህን አያጠፋውም። ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ይህን ወደ ቤታችን እንመንዝረው፦ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 300 ግራም ሽንኩርት ካገኘ አደጋ ውስጥ ነው። አንድ ዶሮ ስንሠራ የምንከትፈው ሽንኩርት ብዙ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ያልፋል። ድስቱ ሥር የቀረው ቁሌት ለውሻ ከተገለበጠ መጠኑ ቀላል አይደለም። ምልክቱም ወዲያው አይታይም። መጀመሪያ ሰገራው ይላላል ወይም ያስመልሳል፤ ከቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል ወይም ይጠቁራል፣ ይዝላል። ሰው «በበዓል ታመመ» ይላል እንጂ ከሽንኩርቱ ጋር አያያይዘውም። ለትል ብለው ነጭ ሽንኩርት የሚሰጡ ሰዎችም በዚህ ምክንያት ሊተዉት ይገባል።

ወተት ሌላው ነው። ቡችላ ከእናቱ ከተለየ በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ፈሳሽ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ብዙ ትልልቅ ውሾች የላም ወተት ሲጠጡ ሰገራቸው ይላላል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ቡችላ «ገና ሕፃን ነው» ተብሎ በላም ወተት ሲሞላ የሚቀዝነው በዚህ ነው። እርጎ በመጠኑ ይሻላል፣ ባክቴሪያው የወተቱን ስኳር ከፊሉን በልቶታልና። አጥንትም አሳሳች ነው። ብዙ አጥንት የበላ ውሻ ሰገራው እንደ ኖራ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ ያምጣል፤ ቀጥሎ ይቀዝናል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥሮ አንጀት ሊወጋ ይችላል። በቡቺ ሰገራ ውስጥ ያየሁት ስንጣሪ በሰላም በመውጣቱ ዛሬም አመሰግናለሁ።

ስለ ሳንባ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከሰገራው አልፎ የሰው ጤና ይነካል።

በግ ያረደ ሁሉ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት አይቶ ያውቃል። ብዙ ሰው ያንን ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል፤ «ለሰው አይሆንም፣ ለውሻ ይሁን» ብሎ። ያ ከረጢት ኤኪኖኮከስ የሚባለው ትል እጭ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ ቁመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ በሺዎች ሊቆጠር ይችላል። ውሻውን ራሱን እምብዛም አያሳምመውም፤ ሰገራውም ላይላላ ይችላል። ነገር ግን እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፣ ከፀጉሩ ላይ ይጣበቃል፣ ውሻውን ያሻሸ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ወደ ሆዱ ይገባል። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረው ከረጢት ቀስ በቀስ፣ ለዓመታት ያድጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣውም በቀዶ ሕክምና ነው። በኢትዮጵያ ቄራዎች በበግ፣ በከብትና በግመል ላይ በተደጋጋሚ የሚገኝ በሽታ ነው።

የበግ ጭንቅላትም ለውሻ ሲጣል ሌላ ትል አለ፤ እረኞች አዙሪት የሚሉት፣ በጉን እየዞረ እንዲወድቅ የሚያደርገው በሽታ የሚመጣው አንጎል ላይ በሚያርፈው የዚህ ትል እጭ ነው። ውሻው አንጎሉን ይበላል፣ በግጦሹ ላይ እንቁላሉን ይጥላል፣ ሌላው በግ ይታመማል።

መፍትሔው ይህ ነው፦ ሳንባ፣ ጉበትና ጭንቅላት ለውሻ ከተሰጡ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በሚፍለቀለቅ ውሃ ይቀቀሉ፤ ውሃ የቋጠረው ግን ውሻ በማይቆፍረው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። የውሻ የትል መድኃኒትም በሐኪም ትእዛዝ በየጊዜው ይሰጥ። ጉበት ቢቀቀልም ከጠቅላላው ምግብ ትንሹ ክፍል ብቻ ይሁን፤ ሲበዛ ራሱ ሆድ ያላላል።

የሚያስተካክለው ሳህን

ቀድሞ «ሆዱ የላላ ውሻ አንድ ቀን ይጹም» ይባል ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም ያዝዙት ነበር። አሁን አስተያየቱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ ፓርቮ በተባለው ከባድ ተቅማጥ በያዛቸው ቡችሎች ላይ የወጣ ጥናት፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምግብ በቱቦ የተሰጣቸው ምግብ ከተከለከሉት ይልቅ ቶሎ እያገገሙና ክብደት እየጨመሩ መሆናቸውን አሳየ። አንጀት ራሱ የሚመገበው በውስጡ ከሚያልፈው ምግብ ነው፤ ባዶ ሲሆን ግድግዳው ይዳከማል። ስለዚህ የማያስመልስ ውሻን ማስራብ አያስፈልግም፤ በቀላሉ የሚፈጭ ምግብ በትንሽ በትንሹ መስጠት ይበቃል።

እኔ የምሠራው ይህን ነው። ቆዳውና ጮማው የወጣለት የዶሮ ደረት በውሃ ብቻ ይቀቀላል፤ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት። ነጭ ሩዝ እስኪለዝብ ይበስላል። አንድ እጅ ዶሮ፣ ሁለት እጅ ሩዝ ይቀላቀላሉ። መጠኑን ለማወቅ ስሌት አለ፦ 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ዕረፍት ላይ እያለ በቀን ወደ 660 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል። ከዚህ ድብልቅ 100 ግራሙ ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ የቀኑ ድርሻ ወደ 470 ግራም ይመጣል። ለአራት ሲከፈል በየማዕዱ 118 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ጭልፋ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለታመመ ውሻ ማዘን ጥሩ ነው፣ ግን ሳህኑን እስከ አፉ መሙላት ሆዱን መልሶ ያላላዋል።

ዶሮ ውድ ነው፤ እውነት ነው። የተቀቀለ እንቁላል ይተካዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን አይባችን ነው። በውጭ አገር ሐኪሞች ለሆዱ የላላ ውሻ የሚያዝዙት ቅባቱ የቀነሰ አይብ አለ፤ የኛ አይብ የሚሠራው ወተቱ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ ካለው አሬራ ነው። ቅባቱ ይቀንሳል፣ አብዛኛው የወተት ስኳርም ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። ጨው፣ ኮሰረትና ቅቤ ያልገባበት ንጹሕ አይብ ከሩዝ ጋር ለብዙ ውሻ ይስማማል። በጥቂት መጀመርና ሰገራውን ማየት ግን ግዴታ ነው።

ቀጥሎ ዱባ ነው። ያለ ምንም የተቀቀለና የተፈጨ ዱባ ለ20 ኪሎ ውሻ በየማዕዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል። አሰሩ ውሃውን ይይዛል፣ የትልቁን አንጀት ባክቴሪያም ይመግባል። የወረት ምክር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ ምንጩ ባልታወቀ ረዥም የትልቁ አንጀት ተቅማጥ የነበራቸውን 37 ውሾች ታሪክ ያጠና ሥራ በቀላሉ የሚፈጭ ምግብና ሟሚ አሰር አብዛኞቹን እንደጠቀማቸው አሳይቷል። ዱባ ከመጠን በላይ ከሆነ ግን ሰገራውን መልሶ ያላላዋል፤ ይህን ከቡቺ ተምሬአለሁ።

ሁለት ሦስት ቀን ሰገራው 3 ወይም 2 ላይ ከጸና በኋላ ወደ ወትሮው ምግብ መመለስ አለ። ትዕግሥት የሚፈትነው ክፍል ይኸኛው ነው። ሁለት ቀን የወትሮው ምግብ ሩብ ብቻ፣ ሁለት ቀን ግማሹ፣ ሁለት ቀን ሦስት ሩብ፣ ከዚያ ሙሉው። ሰገራው መልሶ ከላላ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ አዲስ ነገር አይጨመር፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከተለወጠ ጥፋተኛው አይታወቅም። ውሃ ሁልጊዜ በአጠገቡ ይኑር። ትከሻው ላይ ያለውን ቆዳ ሳብ አድርገው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ድዱም ከደረቀ ውሃ አጥሮታል፤ ያን ጊዜ ኦ አር ኤስ ይሁን ጉሉኮስ የሐኪም ውሳኔ ነው።

ከሆሳዕና እስከ ዳግማይ ትንሣኤ

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ። ምግብ የመለወጫው ዕድሜ አንድ ሳምንት ከሆነ፣ ቀን መቁጠሪያችን ራሱ ልኩን ሰጥቶናል። ከሆሳዕና እስከ ፋሲካ ሰባት ቀን ነው። ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤም ሰባት ቀን ነው።

በሁዳዴ ውሻው ከጾም ማዕድ ብቻ ካልወጣ፣ በሆሳዕና አንድ እንቁላል ከቅንጬው ጋር መጀመርና በየሁለት ቀኑ መጨመር ይቻላል። በሰሙነ ሕማማት በጓዳው የፍስክ ሽታ የማይፈልግ ቤት ብዙ ነው፤ የእኔም እናት ቤት እንዲያ ነው፣ አከብረዋለሁ። ለዚያ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ለውሻው የተለየች ድስት ዘበኛው ቤት ወይም ጓሮ ማስቀመጥ ነው፤ የቤቱ ዕቃ አይነካካም። ሁለተኛው ደግሞ ፋሲካ እስኪገባ መጠበቅና፣ ከፋሲካ ጀምሮ የሥጋውን ድርሻ ሩብ አድርጎ በዳግማይ ትንሣኤ ሙሉ ማድረግ ነው። የጾሙን ምግብ በፋሲካ ማለዳ ሙሉ በሙሉ አትጣሉት፤ ለሳምንቱ ያስፈልገዋል።

ሃይማኖቱ ጾምን ለሰው አዘዘ እንጂ ለውሻ አላዘዘም። 55 ቀን ያለ እንስሳ ተዋጽኦ የሚቆይ ውሻ ፕሮቲን እንዲያገኝ ምስርና ሽምብራ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ ተቀቅሎ ይጨመርለት፤ እንቁላል ከተቻለ ይጨመርለት። ለሚያጠባ እናትና ለቡችላ ግን ይህ አይበቃም፤ እነሱን በጾም ማቆየት ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ።

ከውጭ ስለሚገባው ደረቅ ምግብ ብዙ አልልም። በሚገባ የተመጣጠነ ነው፣ አቅሙ ላለው ሰው ጥሩ ነው። የሰፈራችን ችግሩ አንዱ ዓይነት ከመደርደሪያ ሲጠፋ ወደ ሌላው በአንድ ቀን መዘዋወር ነው። ከረጢቱ ሩብ ሲቀረው ቀጣዩን ይፈልጉ፣ ሁለቱን እያቀላቀሉ ያሸጋግሩ። ከተከፈተ ማዳበሪያ እየተመዘነ የሚሸጥ ከሆነ ቅባቱ ሊሻግት ስለሚችል ያሽትቱት።

ስለ ኪኒንም አንድ ነገር። ለሰው ከታዘዘ የተረፈ ፍላጅል ለውሻ መስጠት በሰፈራችን የተለመደ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት ድንገተኛ የትልቁ አንጀት ቁጣ በያዛቸው ውሾች ላይ ምግብን ማስተካከል ከፍላጅል የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ሌላ የ2020 ጥናት ደግሞ መድኃኒቱ በጤናማ ውሾች አንጀት ውስጥ ያለውን የባክቴሪያ ሚዛን ለሳምንታት እንደሚያዛባ አሳይቷል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ደግሞ የውሻን ጉበት፣ ጨጓራና ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ፌጦ፣ ኮሶና እንቆቆ ለሰው መድኃኒት ቢሆኑ ለውሻ የሚበቃው መጠን አይታወቅምና አይሞከሩም።

ምግቡ ተስተካክሎ ሦስት ሳምንት አልፎ አሁንም ሰገራው የሚላላ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። መጀመሪያ የሰገራ ምርመራ ለትልና ለጃርዲያ። ቀጥሎ የምግብ አለመስማማት። ረዥም የአንጀት ሕመም ካለባቸው ውሾች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ምግብ ብቻ በመለወጥ እንደሚሻላቸው ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ብዙ ጊዜም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታያል። በውሻ ላይ የማይስማማ ሆኖ በተደጋጋሚ የተመዘገበው የበሬ ሥጋ ነው፤ የእኛ ውሾች ደግሞ ሌላ እምብዛም አያዩም። ስለዚህ ሐኪሙ ከተስማማ ለሁለት ሳምንት አጥንቱ የወጣለት የዝዋይ ቆሮሶ ዓሣ ወይም የፍየል ሥጋ ከድንች ጋር ብቻ መሞከር ይቻላል። የጀርመን ሼፐርድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ምልክት አስታውሱ፦ ብዙ እየበላ የሚከሳ፣ ሰገራው የገረጣ፣ የሚሸትና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቆሽቱ የመፍጫ ፈሳሽ ላያመነጭ ይችላል። ይህ በዘሩ ላይ የታወቀ ሕመም ነው፤ በየማዕዱ በሚጨመር የመፍጫ ዱቄት ይያዛል እንጂ በዱባ አይድንም።

ደም፣ ማስመለስ፣ መዛል ወይም የቡችላ ተቅማጥ ካያችሁ አንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ። ፓርቮ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ላይ ከታየ ወዲህ ያልተከተቡ ቡችሎችን በቀናት ውስጥ እየገደለ ነው፤ የጓዳ ሩዝ አያድነውም።

ለአንባቢዬ ያለኝ ልመና ትንሽ ነው። በኩሽናው በር ላይ፣ በኮንዶሚኒየም ከሆነ በብሎኩ መግቢያ ላይ አንድ ወረቀት ለጥፉ። ለውሻው የሰጠ ሁሉ ቀኑንና የሰጠውን ይጻፍበት፦ «ሰኞ፣ ግማሽ እንጀራ»፣ «ማክሰኞ፣ የተቀቀለ ሳንባ»። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ወረቀቱን ያዙ፤ በዚያው ጠዋት የወጣ ትኩስ ሰገራም በንጹሕ ፌስታል ቋጥራችሁ፣ ፀሐይ ሳይነካው አድርሱ።